ለዳኞች የቀረበው ገንፎ

ዩኒቨርሲቲ የገባሁት እኩዮቼ ልጆቻቸውን ለስምንተኛ ክፍል ፈተና በሚያስጠኑበት ዕድሜ ነው። ከዚያ በፊት ቡታጅራ ውስጥ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ተቀጥሬ ፎቶ ኮፒ አነሣ፣ የሰው ማመልከቻ በኮምፒውተር እጽፍ ነበር፤ ማታ ማታ እማራለሁ። የሰው ጽሑፍ ሳይ ስህተቱ ቀድሞ ዓይኔ ውስጥ የሚገባው ከዚያ ጀምሮ ነው።

ወልቂጤ የደረስኩ ቀን የዶርሙን በር ስከፍት ልጃገረዶቹ ከተጋደሙበት ብድግ ብለው ቆሙ። ተቆጣጣሪ መስያቸው ነው። ፍራሼን አውርጄ ባዶው አልጋ ላይ ስዘረጋ ተያዩ። ከመካከላቸው አንዷ፣ “እናት ደግሞ መደቡልን በሉኛ” አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማዘር ሆንኩ። ግቢው ውስጥ በስሜ የጠራኝ ሰው ካለ የሬጅስትራሩ ሠራተኛ ብቻ ነው።

አማርኛ ነበር የማጠናው። ከቤተ መጻሕፍቱ መስኮት አጠገብ አንዲት ወንበር ለምጄ ነበር፤ ሲመሽ ልጆቹ ከታች ካፌው ደጃፍ ላይ ተሰባስበው ሲንጫጩ ድምፃቸው እስከ እኔ ይደርሳል። ገጹን ሳልገልጥ ለረጅም ጊዜ አዳምጣቸዋለሁ። ማን ማንን እንደሚያፈቅር፣ ማን ፈተና እንደወደቀ፣ ማን ከቤት የተላከለትን በሶ ደብቆ ሲበላ እንደተያዘ ከዚያ መስኮት ሆኜ አውቃለሁ። ከእነሱ ጋር መቀመጥ ግን አልሞከርኩም። ይህ ለእነሱ የተሰጠ ዕድሜ ነው፣ እኔን አልፎኛል ብዬ ነበር።

የመጨረሻው ዓመት ላይ ከምግብ አዳራሹ በር አጠገብ አንድ ማስታወቂያ ተለጠፈ። የተማሪዎች የንግድ ሐሳብ ውድድር ነው፤ ልጆቹ “ፒች” ይሉታል። ሐሳብን በአምስት ደቂቃ ለዳኞች ማስረዳት ነው ነገሩ። አንደኛ የወጣው ቡድን ወልቂጤ ከተማ ውስጥ መብራትና ውሃ የገባለት የሥራ ክፍል ለአንድ ዓመት ይሰጠዋል። ማስታወቂያው ሲጣደፉ የጻፉት መሆኑ ያስታውቃል። እርሳሴን አውጥቼ እያረምኩ ሳለ ከኋላዬ ሰው ሳቀ።

“ማዘር፣ ግድግዳም ታርሚያለሽ?”

ቀጭን፣ ረጅም ልጅ ነው። የወልቂጤ ተወላጅ፣ ሜካኒካል የሚማር፤ አባቱ ከተማው ውስጥ በርና መስኮት የሚሠሩበት ጋራዥ የሚያህል ወርክሾፕ አላቸው። አጠገቡ አንዲት ልጅ ቆማለች። እሷን በዓይን አውቃታለሁ፤ የምግብ ሳይንስ ተማሪ ናት፣ ከአገና አካባቢ የመጣች፣ ቤተ መጻሕፍት ስትገባ ጫማዋ እንዳይሰማ በጣቶቿ የምትራመድ።

“በእርሳስ ነው፤ ይጠፋል” አልኩት።

“እንዳታጠፊው። ሦስተኛ ሰው እየፈለግን ነው፤ ከሦስት የተለያየ ዲፓርትመንት ካልሆነ አይቀበሉም። እኔ ዕቃውን እሠራለሁ፣ እሷ ሐሳቡ አላት። የሚጽፍ ነው ያጣነው።”

“ሐሳቡ ምንድን ነው?”

ልጅቷ ወደ መሬት እያየች፣ “ቡላ” አለች። “ቀላል ነገር ነው፣ እትዬ።”

ቀላል አልነበረም። ቡላ ማለት እንሰት ተፍቆ ሲጨመቅ ከሚወርደው ውሃ ሥር የሚዘቅጠው ነጩ ነገር ነው፤ ገንፎው ለአራስም ለእንግዳም የሚቀርብ ነው። አዲስ አበባ ሄዶ ሲሸጥ ግን የስንዴ ዱቄት ይቀላቀልበታል፣ አሸዋ ይገባበታል። የአገናዋ ልጅ አጥባ፣ በጨርቅ አጥልላ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ወንፊት ላይ አድርቃ፣ በትንንሽ ወረቀት አሽጋ ለመሸጥ ነው ያሰበችው። የወልቂጤው ልጅ ማድረቂያውን ይሠራል፤ ተደራራቢ ወንፊት ያለው፣ በላስቲክ የተሸፈነ፣ በፀሐይ የሚሞቅ ሣጥን ነው። እኔ ደግሞ አምስት ደቂቃ የሚሞላ ንግግር እጽፋለሁ።

እሺ ያልኩት ለንግዱ ብዬ አይደለም። ፈልገውኝ ስለመጡ ነው።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ሳምንታት አሁንም ሳስብ ደስ ይለኛል። ከሰዓት በኋላ ክፍል ሲያልቅ ከግቢው በር ውጪ ካለው ዛፍ ሥር እንገናኛለን። የወልቂጤው ልጅ በእግሩ ላይ ካልኩሌተር አስቀምጦ ሣር እየነጨ ያወራል። ሁለታችንን ማናደድ ሥራው ነበር። የአገናዋን ልጅ አነጋገር ያስመስላል፤ እሷም የሱን የአዲስ አበባ አራዳ ቃላት እየጠራች፣ “ይሄን ከየትኛው ሚኒባስ ረዳት ተማርከው? አባትህ ያውቃሉ?” ትለዋለች። እኔ የጻፍኩትን ጮክ ብዬ አነባለሁ። አንድ ቃል ቀይሬ እንደገና አነባለሁ።

“ማዘር፣ ‘ንጹሕ’ እና ‘የጠራ’ ያው አይደለም እንዴ?”

“አይደለም።”

“ለቡላው ይነገረው እንግዲህ።”

ከዚያ ሦስታችንም እንስቃለን። ሲመሽ በቆሎ ጠብሰው ከሚሸጡት ሴት ገዝተን እየፈለፈልን ወደ ግቢ እንመለሳለን። ዝናቡ ገና አልገባም፤ ከሰዓት በኋላ ደመና ይመጣና ሳይጥል ያልፋል። ያን ሰሞን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ መስኮት አልሄድኩም። ከታች ከሚንጫጩት መካከል ነበርኩ።

አንድ ቀን እዚያው ዛፍ ሥር ሳለን የልጅቷ ስልክ ጠራ። ስታየው ፊቷ ተለወጠ። እጇ ላይ ሊጥ የመሰለ ቡላ ስለነበረ በክርኗ ነክታ ድምፁን ለሁላችን አወጣችው። አጎቷ ናቸው፣ የአባቷ ታናሽ ወንድም። መርካቶ የቤት ዕቃ ሱቅ አላቸው።

“ምረቃው ደረሰ አይደል?”

“ደረሰ፣ ጋሼ።”

“እንደተመረቅሽ ትመጫለሽ። ሱቁ ሰው ይፈልጋል። ባዕድ ማስቀመጥ ሰልችቶኛል።”

“ጋሼ፣ እዚህ ሥራ ልጀምር ነው።”

“የምን ሥራ?”

“ቡላ።”

“ቡላማ እናትሽም ታወጣለች። ለሱ ነው አራት ዓመት የተማርሽው?”

“እንደ ድርጅት ነው፣ ጋሼ። ውድድር አለ። ካሸነፍን ክፍል ይሰጡናል።”

“ስሚ ልጄ። እኔ ነገር አላበዛም። የማያውቁሽ ሰዎች ‘ይህ ሥራ ነው’ ብለው ቦታ ከሰጡሽ፣ እኔም ሥራ ነው እላለሁ፤ አፌን እይዛለሁ። ካልሰጡሽ ትመጫለሽ። ተስማማን?”

“ተስማማን፣ ጋሼ።”

ስልኩ ተዘጋ። የወልቂጤው ልጅ ለቀልድ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ልጅቷ እጇን በሣሩ ላይ እየጠረገች ነገረችን። አባቷ ከሞቱ ቆይቷል። ወንድሞቿ አንድ በአንድ አዲስ አበባ ገብተዋል፤ እንደ አገሩ ልማድ ነው፣ ማንም ክፉ አላደረገም። አሁን ቤት ውስጥ ያለችው እናቷ ብቻ ናት። እናቷን “አዶት” ነው የምትላት፣ በቋንቋቸው። ወልቂጤ ከሆነች በየሳምንቱ ቅዳሜ በሚኒባስ ገብታ እሑድ ትመለሳለች። መርካቶ ከገባች ግን እንደ ወንድሞቿ መሆኗ ነው፤ አገር ቤት የምትገባው ለመስቀል ብቻ ነው።

“አዶት አትሂጂ አትለኝም” አለች። “አንድም ቀን ብላኝ አታውቅም። ሄደሽ ሰው ሁኚ ነው የምትለኝ። ማታ ግን ብቻዋን እራት አትበላም። ጎረቤት ሲነግረኝ ነው የሰማሁት። ለአንድ ሰው እሳት አላነድም ትላለች አሉ።”

ከዚያ ቀን በኋላ ንግግሩን ስጽፍ እጄ ሌላ ሆነ።

ልምምዱ ጥሩ ሄደ፤ አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ብቻ ነበር የምንቸገረው። “የእኛ ቡላ ገበያ ላይ ካለው ሁሉ የጠራ ነው” የምትል ናት። የአገናዋ ልጅ እዚያ ስትደርስ ድምፅዋ ይወርዳል፣ አንገቷም ይሰበራል።

“ስትይው የሰው ዶሮ ሰርቀሽ የተያዝሽ ትመስያለሽ” አላት ልጁ።

“አፍራለሁ።”

“ምኑ ያሳፍራል? እውነት ነው አይደል?”

“እውነት ነው። ግን ሰው የራሱን ምግብ ራሱ ያመሰግናል እንዴ? እናትህ እንግዳ ጠርታ ወጤን እዩልኝ፣ ከጎረቤት ወጥ ይበልጣል ትላለች?”

እውነቷን ነው። በእኛ አገር፣ በቡታጅራም በአገናም ቢሆን፣ ያስተናገደች ሴት ምግቧን ታጥላላለች። አልሆነልኝም፣ ጨው አንሶታል፣ እሳቱ ፈጀው ትላለች። ማመስገን የእንግዳው ድርሻ ነው። እሷ ቀድማ ካመሰገነች ለእንግዳው ምን ተረፈው?

“ይህ ምግብ አይደለም” አልኳት። “ምርት ነው። እሽግ ነው። የታሸገ ነገር ሳሙናም ሊሆን ይችላል። ስለ ሳሙና እንደምትናገሪ ተናገሪ።”

እሽጉን እጇ ላይ አስያዝናት። ወረቀቱን አየች፣ ገለበጠችው፣ እንደገና አየችው። ቀና ብላ ተናገረችው። በሚቀጥለው ቀንም ተናገረችው። ከዚያ በኋላ ድምፅዋ አልወረደም። የግቢውን ማጣሪያ ያለ ችግር አለፍን፤ የመጨረሻው ውድድር ቡታጅራ፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ እንደሚሆን ተነገረን። አጎትየውም ለሥራ ወደዚያ መምጣቴ አይቀርም፣ እግረ መንገዴን አያለሁ አሉ።

ከውድድሩ በፊት በነበረው ቅዳሜ ልጅቷ አገር ቤት ገብታ ስትመለስ አንድ ጥቅል ይዛ መጣች። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ፣ ሦስት አዳዲስ የሸክላ ጣባ፣ የቀንድ ማንኪያዎች።

“አዶት ናት” አለች። “ለዳኞች ነው። ሰው ፊት ባዶ እጅሽን ልትቆሚ ነው ወይ ብላ ተቆጣችኝ። የተናገሩለትን ቡላ ሳይቀምሱ ምኑን ይፈርዳሉ አለች።”

የወልቂጤው ልጅ እጁን አጨበጨበ። “እናትሽ ነጋዴ ናቸው። ሌላው ስላይድ ያሳያል፣ እኛ እናበላለን። ዳኛው ቅቤ ከንፈሩ ላይ ሆኖ እስኪ ያባርረን።”

እኔም ደስ አለኝ። ጽሑፉ ላይ አንዲት መስመር ጨመርኩ፤ “አሁን ትቀምሱታላችሁ” የምትል። ከዚያ በኋላ ስለሚሆነው ምንም አልጻፍኩም። ምን ይጻፋል? ይቀምሳሉ፣ እሷ ትቀጥላለች።

በዩኒቨርሲቲው አውቶብስ ማለዳ ተነሣን። ቡታጅራ ስንደርስ ዘቢዳር ተራራ ላይ ጉም ተኝቶበት ነበር። ያደግኩበት አካባቢ ነው፤ የኖርኩበትን ሰፈር፣ የሠራሁበትን ሱቅ በመስኮት ሳሳያቸው ልጁ፣ “ማዘር ስታረጅ ቤቷ ሙዚየም ይሆናል” እያለ አሾፈብኝ። ከአዳራሹ ጀርባ ትንሽ ክትፎ ቤት አለች፤ ባለቤቷን ከፎቶ ኮፒ ዘመኔ ስለማውቃት ምድጃዋን ለቀቀችልን። የአገናዋ ልጅ እጅጌዋን ሰብስባ ቡላውን አማሰለች። መጀመሪያ እንደ ወተት ነጣ፣ ቆይቶ እንደ መስተዋት ጠራ። ቅቤውን መሀሉ ላይ ጉድጓድ አድርጋ አፈሰሰችበት። ሽታው እስከ መንገዱ ወጣ። ባለቤቲቱ ቀምሳ ዓይኗን ጨፈነችና፣ “ይህን ቀምሶ የሚያስለቅሳችሁ ዳኛ የለም” አለች።

“ኧረ ምን ሆኖ፣ ቸኮልኩበት እኮ” አለች የአገናዋ ልጅ። ሁለታችንም ሰምተናታል። ልብ አላልንም።

አዳራሹ ሞልቷል። ፊት ለፊት ዳኞቹ ተቀምጠዋል፤ ሁለት ወንዶችና አንዲት መነጽር ያደረገች ሴት፣ ሦስቱም ከአዲስ አበባ የመጡ። ከኋላ ተማሪዎች፣ በመሀል የከተማው ተጋባዦች። አጎትየውን አየኋቸው፤ ግራጫ ኮት ለብሰው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። ከእኛ በፊት የቀረቡት ልጆች ባጃጅ በስልክ መጥራት ስለሚያስችል ነገር ተናገሩ። አፋቸው ይፈጥናል፤ ስለራሳቸው የተናገሩትን ሁሉ ያመኑት ይመስላሉ።

ተራችን ሲደርስ የአገናዋ ልጅ እሽጉን ይዛ መሀል ቆመች። ልጁ ፕሮጀክተሩ ጋ፣ እኔ ከጣባዎቹ ጋር ጠረጴዛው አጠገብ ነኝ። ጀመረች። እያንዳንዱ ቃል በቦታው ነበር። ስለ አሸዋው፣ ስለ ማድረቂያው፣ አዲስ አበባ ስላሉት አራሶች ተናገረች። መነጽር ያደረገችው ዳኛ ብዕሯን አስቀምጣ ማዳመጥ ጀመረች። የጊዜው ግማሽ ገና ነበረን። የቀረው መቅመስና ያቺን ዓረፍተ ነገር መናገር ነው።

“አሁን ትቀምሱታላችሁ” አለች። እሽጉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ጣባዎቹን አንሥታ፣ ጎንበስ ብላ፣ በሁለት እጇ ለእያንዳንዱ ዳኛ አቀረበች።

እሽጉን ያስቀመጠች ጊዜ ነው ነገሩ የተለወጠው። ከዚያ በኋላ እዚያ አዳራሽ ውስጥ የቆመችው ተወዳዳሪ አልነበረችም። የአዶት ልጅ ናት፤ እንግዳ መጥቶባታል።

ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ተመለሰች፣ እጆቿን አጣምራ ቆመች። ዝም አለች። ዳኞቹ መብላት ጀመሩ። ትልቁ ዳኛ ማንኪያውን እንደያዘ በሌላ እጁ ቀጥይ የሚል ምልክት ሰጣት።

“ይብሉ፣ ይብሉ” አለች ፈገግ ብላ።

ከኋላ ተማሪዎቹ ሳቁ። መሀል ላይ የተቀመጡት ሽማግሌዎች አልሳቁም፤ እንደ ተገቢ ነገር እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ልጁ ከፕሮጀክተሩ ሥር በሹክሹክታ፣ “ተናገሪ እንጂ” አላት።

አፏን ሳትከፍት ማለት ይቻላል፣ “እየበሉ ነው” አለችው።

“ሰዓቱ እያለቀ ነው።”

“አፋቸው ሞልቶ ነገር ልጠይቃቸው?”

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁት። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት ላነሣው ፈለግኩ፤ እኔ ብናገር ግን ቡድኑ ከውድድር እንደሚወጣ ሕጉ ላይ ተጽፏል፤ ተናጋሪ አንድ ነው። ዳኞቹ ደግሞ እየጣማቸው ነው፣ አያቆሙም። በሌላ ቀን ቢሆን ከዚህ የበለጠ ደስታ የለም። በመጨረሻ መነጽር ያደረገችው ዳኛ አፏን በመሐረብ ጠረገችና ሊረዳን የፈለገ በሚመስል ድምፅ ጠየቀች።

“እንዲህ ያለ ቡላ በልቼ አላውቅም። እስኪ ንገሪን፣ ገበያ ላይ ካለው በምን ይበልጣል?”

ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አይገኝም። ዓረፍተ ነገሩ ተዘጋጅቶ ነበር።

“ኧረ ምንም አይደለም” አለች የአገናዋ ልጅ። “ዛሬስ አልሆነልኝም። ምድጃውም የሰው ነው፣ ቸኮልኩም። ይቅርታ አድርጉልን።” ወዲያው ወደ ትልቁ ዳኛ ጠጋ ብላ፣ “አልበሉም እኮ፤ ትንሽ ይጨመርልዎ” ብላ ጣባውን ሞላችለት።

ደወሉ ተደወለ።

ከሁሉ አስቀድሞ ነገሩ የገባት እሷ ናት። ማንኪያው እጇ ላይ እንዳለ ወደ እሽጉ ዞር ብላ አየች። ከዚያ ወደ አጎቷ። ከዚያ ማንኪያውን ጣባው ላይ አጋድማ አስቀምጣ፣ ለዳኞቹ እጅ ነሥታ ወረደች።

ውጤቱ ሲነበብ የባጃጆቹ ልጆች አንደኛ ወጡ። ዳኛው ስለ እኛ ሲናገር ሐሳቡ መልካም ነው፣ ማድረቂያውም የሚያስመሰግን ነው፣ ነገር ግን አቅራቢዎቹ በራሳቸው ምርት ላይ እርግጠኛ አይደሉም አለ። ይህን ሲል ጣባው ፊቱ ተጠርጎ ተበልቶ ነበር። ልጁ፣ “እሱ ምን ልሶ ነው ታዲያ?” አለ፤ ግን ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም።

አጎትየው ደጅ ላይ ጠበቁን። እኛን ሁለታችንን ጨበጡ፣ የቤተሰቦቻችንን ደኅንነት ጠየቁ። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሩ።

“እንግዳ በሚገባ አስተናገድሽ” አሉ። “እናትሽ ብታይ ደስ ይላት ነበር። የምሬን ነው።”

“እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሼ።”

“ግን እኔ በዕድሜዬ ዕቃዬ ምንም አይደለም ብዬ ሸጬ አላውቅም።”

“አውቃለሁ።”

“እንግዲህ ተስማምተን ነበር።”

የወልቂጤው ልጅ መሀል ገባ። “ጋሼ፣ ሰዓቱን የጨረሰብን መብሉ ነው እንጂ እሷ እኮ…”

“አየሁ፣ ልጄ። ዓይን አለኝ።”

ልጅቷ እጇን ዘርግታ ልጁን ዝም አሰኘችው። እንባዋ ይመጣል ብዬ እየጠበቅኩ ነበር፤ አልመጣም። ቀሚሷ ላይ የፈሰሰ ቅቤ ነበር፣ እሱን በጣቷ እየፈቀፈቀች ጠየቀቻቸው።

“ጋሼ፣ ሱቁ ክረምት ላይ ገበያ አለው?”

“የክረምት ገበያ ምን ገበያ ነው። ጭቃና ዝናብ። ሰው ከቤቱ አይወጣም።”

“ታዲያ ክረምት እኔ ምን አደርግልዎታለሁ?”

አጎትየው ባርኔጣቸውን አውልቀው እንደገና አደረጉት። “ምን ልትዪ ነው?”

“ሐምሌና ነሐሴን፣ እስከ መስቀል፣ አዶት ጋ ልሁን። ለመስቀል እርስዎ ይመጣሉ፤ ሲመለሱ ይዘውኝ ይሄዳሉ። ከዚያ እስከ ሰኔ ሱቁን የራሴ አድርጌ እይዛለሁ። ሌላ ሰው አይፈልጉም።”

“ዘንድሮን ነው?”

“በየዓመቱ።”

ቀና ብላ ነው ያየቻቸው። አልለመነችም፣ ምክንያት አልደረደረችም። የሳቸው ፊት ላይ ደስታም ቁጣም ያልሆነ ነገር መጣ፤ ነጋዴ ሌላ ነጋዴን ሲያይ ነው እንደዚያ የሚሆነው።

“እንዲህ መናገር ከቻልሽ፣ እዚያ ውስጥ ምን ነካሽ?”

“እዚያማ እየበሉ ነበር፣ ጋሼ።”

ሳቁ። ሳቃቸው እየቆየ መጣ፣ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። “ይሁን” አሉ። “በየዓመቱ ይሁን።” መኪናቸውን ከፍተው ከመግባታቸው በፊት ክትፎ ቤቷ ውስጥ የተረፈ ቡላ እንዳለ ጠየቁ። ቆመው በሉት።

በአውቶብሱ ስንመለስ ልጁ አጠገቧ ተቀመጠ። መንገዱ ሲጋመስ፣ “ክረምት ምን ይደርቃል?” አላት።

“ምንም” አለች።

ሦስታችንም እናውቀው ነበር። ማድረቂያው በፀሐይ ነው የሚሠራው፤ ያገኘችው ወራት ፀሐይ የሌለበት ነው። ቡላውን ትታ እናቷን ነው የወሰደችው። ልጁ ሌላ አልጠየቃትም። ማድረቂያውን የአባቱ ወርክሾፕ ውስጥ ለበርበሬ ያውሉታል አሉ በኋላ።

ተመርቀን ተበታተንን። ልጁ ወልቂጤ ከአባቱ ጋር ይሠራል፤ ባለፈው ባገኘሁት ጊዜ ሊያገባ እንደሆነ ነግሮኝ የጥሪ ካርዱን እንዳርምለት ሰጠኝ። እኔ ቡታጅራ አስተምራለሁ። ለተማሪዎቼ በአምስት ደቂቃ ስለ አንድ ነገር እንዲናገሩ ስሰጣቸው አንዳንዷ ልጅ ድምፅዋ ሲወርድ አላቋርጣትም፤ እስክትጨርስ እጠብቃለሁ።

የመጀመሪያውን መስቀል አገና ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ቤቱ በእንግዳ ሞልቶ፣ አዶት ከእልፍኝ ወደ ጓሮ ስትመላለስ ነው የዋለችው። ክትፎውን ስታቀርብልኝ አልሆነልኝም አለችኝ። እኔም የእንግዳውን ድርሻ ተወጣሁ፤ እውነትም ስለነበረ አልከበደኝም። በሦስተኛው ቀን አጎትየው መኪናቸውን አስነሡ። ሰፊው የመንደር መስክ ላይ፣ ጀፎረ በሚሉት ላይ፣ ሰዉ ሁሉ ወጥቶ ሲሸኝ አዶት መኪናው እስኪርቅ አልጠበቀችም። ልጇን ሁለት ጊዜ ሳመቻትና ተመልሳ ገባች። ልቧ ቻለላት ወይስ አልቻለላት ለማወቅ ተከትያት ገባሁ። እሳቱን እያራገበች ነበር።

“ራት ትበያለሽ” አለችኝ። “ነገ ትሄጃለሽ።”

በላን።

ዘንድሮ ሰኔ ሊያልቅ ሲል ልጅቷ ደወለችልኝ። አጎትየው ሱቁን ወደ ትልቅ ቦታ ስለሚያዛውሩ ይህን ክረምት ብቻ አዲስ አበባ እንድትቆይ ጠይቀዋታል። ለምነዋታል ማለት ይቀላል። የሚተማመኑባት እሷ ናት፤ ዕቃ አወዳደሷን ሰምቶ ሳይገዛ የሚወጣ ሰው የለም ይላሉ። ለመስቀል ሁለት ሳምንት እንደሚጨምሩላትም ነግረዋታል።

“ምን አልሻቸው?”

“ጋሼ፣ እሱን ቡታጅራ ጨርሰነዋል አልኳቸው።”

“ተቆጡ?”

“ትንሽ አጉረመረሙ። ከዚያ ለአዶት የሚላክ ሳሙናና ዘይት ራሳቸው ቋጠሩልኝ።”

ስልኩ ውስጥ የዝናብ ድምፅ ይሰማል። ከየት እንደምትደውል ጠየቅኋት። አገና ወርዳ ሚኒባሱ አጠገብ ቆማ ዝናቡ እንዲያባራ እየጠበቀች እንደሆነ ነገረችኝ። ካላባራም በእግሯ ትሄዳለች፤ አዶት እሳት አንድዳለች።